የአታ ሳንሺ ቁጥሮች

እኔ ዓሣ በጭስ አድርቄ የምሸጥ ነኝ። ጋና ውስጥ፣ ቴሺ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሦስት ምድጃ አለኝ። ጀልበኞቹ የትናንቱን ዓሣ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ብለው ሊያሸክሙኝ ሲሞክሩ ስንጥቡን ገልጬ አይና «ይሄ እንኳን ዛሬ ሊወጣ፣ ጡረታ ከወጣም ሰነበተ» ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ውሸት ከሩቅ ይሸተኛል እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። እንግዲህ ይህቺን ጉረኛ ኮርኮይን አንድ ሽማግሌ ስድስት ዓመት ሙሉ በነጭ ቀለም አታለሏት። እኔም አመሰገንኳቸው እንጂ አልጠረጠርኳቸውም።

ሰውየው አታ ሳንሺ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አባቴ ለማለት «አታ» ይላቸዋል እንጂ የወለዱት ልጅ የላቸውም። ድሮ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ከጋራዡ የተጣለውን ብረት ሁሉ፣ ማርሹንም ቸርኬውንም፣ እየጎተቱ ግቢያቸው አመጡና ክብደት ማንሻ አደረጉት። ዘንጎቹ የመኪና አክስል ናቸው። ብረት ያልተገኘለት ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ሲሚንቶ ተሞልቶበታል። እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ። ጽሕፈታቸው ሲያምር! የመምህር ጽሕፈት ነው የሚመስለው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ሕግ አለ። ራስጌው ሰው ያልቆመለት አግዳሚው ላይ አይጋደምም። አታ ሳይፈቅዱ ብረት አይጨመርም። የጠጣ ሰው ከበር አያልፍም። ይሄን ሕግ የጣሰ፣ የፈለገ ጎረምሳ ይሁን፣ በእርጥብ ፎጣ ጀርባው ላይ ይጠበሳል፤ ከዚያ ለሳምንት ግቢውን ይጠርጋል። እዚያ ግቢ ውስጥ እኔ በነበርኩበት ዘመን አንድ ሰው ጣቱን እንኳ ሲጎዳ አላየሁም። ይሄን አልክድም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ወገቤ ነው። ዓሣ የሞላ ገበቴ በራስ ተሸክሞ አሸዋ ላይ መመላለስ ወገብ አይተውም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሰውነትሽን ካላጠነከርሽ ኪኒን ብቻውን አያድንሽም» አለችኝ። ሄድኩ። ወንዶቹ ሲያዩኝ ተንከተከቱ።

«ኤይ! ዓሣዋን ልትመዝን መጣች!» አለ አንዱ።

«አይ፣ ባሏን ልታነሳ ነው። መጀመሪያ በብረት ትለማመድ» አለ ሌላው።

አታ ሳንሺ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ሳቃችሁን ጨርሱና ወረፋ ስጧት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጄ፣ እነዚህ ከሚያነሱት የበለጠ በራስሽ ስትሸከሚ ኖረሻል። ልዩነቱ እዚህ በሥርዓት ነው» አሉኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እኚህ ሰው ለእኔ ሌላ ሆኑ። ወገቤ በአራት ወር ዳነ። በአምስተኛው ወር ጎረቤቴን ናርኪን አመጣኋት፤ ራስጌዬ የምትቆመው እሷ ሆነች። ናርኪ እህቷን አመጣች። በልማዳችን ማክሰኞ ባሕር ያርፋል፣ ጀልባ አይወጣም፤ ስለዚህ ማክሰኞ የሴቶች ቀን ሆነ። አስራ አንድ ደረስን። የሚያመጣን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቁጥሩ ነው። አታ ሳንሺ፣ «ናርኪ፣ ባለፈው ሠላሳ ነበርሽ፤ ዛሬ አርባ ገፋሽ» ሲሉ፣ ናርኪ የዚያን ቀን ኬንኬዋን፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሏን፣ ስትሸጥ እንኳ ደረቷን ነፍታ ነው። እኔማ ዘጠና ስደርስ ገበያው ስሜን ረሳው። «ዘጠና! ሁለት ሳህን ሳልሞን አስቀምጪልኝ!» ነው የሚሉኝ። ሰው በቁጥር ሲጠራ እንደዚያ ደስ ይለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ወረዳው የጤና ቀን አዘጋጀ። ጠዋት በሙዚቃ ቡድን የታጀበ የእግር ጉዞ፣ ከሰዓት ገመድ ጉተታና ክብደት ማንሳት። ክብደት ማንሳቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ምድብ አለ ተባለ። አታ ሳንሺ ራሳቸው ናቸው የቀሰቀሱን። ከምድጃ ወደ ምድጃ እየዞሩ፣ «ውጡ፣ ተራመዱ፤ ዶክተር ቤት ከመሰለፍ እዚያ መሰለፍ ይሻላል» እያሉ ስም መዘገቡ። ለክብደቱ ግን ከሴቶቹ የእኔን ስም ብቻ ነበር የጻፉት።

ቅጹን በእጃቸው ሞሉልኝ። ተጋድሞ ከደረት ላይ መግፋት ነው ምድቤ።

«ለመጀመሪያው ሙከራ ስንት ልጻፍ?» አሉኝ።

«ሰማንያ። ዘጠና ለምገፋ ሰማንያ ቁርስ ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ስልሳ ብናደርገውስ?»

«ስልሳማ ለናርኪ! አታ ሳንሺ፣ ፈሩ እንዴ?» ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ሰማንያ ብለው በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉና ፈረሙ።

ቀኑ ደረሰ። በእግር ጉዞው ቢጫ ካናቴራ ለብሰን ከመለከቱ ኋላ ስንሄድ፣ የናርኪ ጫማ ተረከዟን ልጦ በባዶ እግሯ ጨረሰችው። ከሰዓት ወደ ሜዳው ገባን። ለውድድሩ የቀረብነው ሴቶች ስድስት ነን። የእያንዳንዷ የመጀመሪያ ሙከራ ሲነበብ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት። የእኔ ሰማንያ። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልናዘዝ፤ አዘንኩላቸው። «አይዟችሁ እህቶቼ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አልኳቸው። ቁጥሮቹ ራሳቸው እያስጠነቀቁኝ እንደሆነ አልታየኝም። ለማሟሟቅ ባዶውን ዘንግ ስይዘው ከግቢያችን ዘንግ ከበደኝ። ፍርሃት ነው ብዬ ተውኩት። አታ ሳንሺ ሁልጊዜ፣ «ጉልበትሽን ጓሮ አታባክኚ» ይሉናል፤ ስለዚህ ከባዱን ሳልሞክር ተራዬን ጠበቅሁ።

ዝቅተኛ የጠየቀ ነው የሚቀድመው፤ እኔ መጨረሻ ሆንኩ። ሰማንያ ተብሎ ሲጠራ ሜዳው አጨበጨበ። የእኛ ግቢ ወንዶች ከጠዋት ጀምሮ በከበሮና በደወል ሲዘፍኑ ነበር፤ ድንገት ጸጥ አሉ። አድናቆት መሰለኝ። የልብ ልብ ሰጠኝ። አታ ሳንሺን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ ከወንበራቸው ተነስተው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውኃ ሻጮቹ እየሄዱ ነበር።

ተጋደምኩ። ዘንጉ መዳፌ ላይ እንዳረፈ አወቅሁ። ምን እንዳወቅሁ ግን አላወቅሁም። ይሄ ሌላ ነገር ነው አለኝ ሰውነቴ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲነገረው የኖረ ጭንቅላት ሰውነቱን አይሰማም። ወደ ደረቴ ሳወርደው ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ግራና ቀኝ የቆሙት ዳኞች በቅጽበት ያዙት። ባይዙት ኖሮ አንገቴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ጅማቱ ተቆርጧል አለ ሐኪሙ። አራት ወር እጅሽ ከትከሻ በላይ አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን። «እናያለን» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማ ያውቀዋል። የእኔ ሥራ ዓሣው የተደረደረበትን ወንፊት ከምድጃ ምድጃ እያነሱ መገልበጥ ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ከራስ በላይ የሚዘረጋ ሁለት እጅ። ሦስቱንም ምድጃ ለባሌ እህት ሰጥቼ በር ላይ ቁጭ አልኩ። ዘጠና ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። የውድድሩን ወሬ እንዳታነሱብኝ ብዬ ናርኪን አስማልኳት።

አታ ሳንሺ በሦስተኛው ቀን መጡ። ብርቱካንና ኬንኬ ይዘው። ተቀመጡ፤ መሬት መሬት እያዩ፣ «የቀን ጉዳይ ነው ልጄ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አጽናናኋቸው። «አታ ሳንሺ፣ አይዘኑ። በደንብ ሳላሟሙቅ የገባሁት እኔ ነኝ። ግቢዎን አሰደብኩት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በደህናው እጄ እጃቸውን ይዤ። እሳቸውም፣ «ግድየለም፣ ግድየለም» አሉኝ። ይቅር አሉኝ! እስካሁን ይሄን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

በሦስተኛው ሳምንት አፎቴ ሊጠይቀኝ መጣ። አፎቴ ጀልባ ላይ የሚሠራ፣ ከግቢው ወንዶች ሁሉ ወሬኛ የሆነ ልጅ ነው፤ ልቡ ግን ደግ ነው። ሁለት ጊዜ ለውድድር ወጥቶ ያውቃል።

«ኮርኮይ እህቴ፣ ያን ቀን ዝም ያልነው እኮ ደንግጠን ነው» አለኝ። «እኛ እርስ በርስ፣ እውነተኛውን ሰማንያ ደረሰች እንዴ! ተባባልን። ክብር ይስጥሽ አልን።»

«እውነተኛውን ስትል?»

«እውነተኛውን ነዋ። የውጪውን።»

«አፎቴ፣ ጠጥተሃል?»

«ኧረ በማርያም ጠዋት ነው! አታ ከውኃ ጋኑ ኋላ አልወሰዱሽም?»

«ከአታ ጋር ጋን ኋላ ሄጄ ምን ላደርግ?»

አፎቴ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እሾህ እንደሚያወጣ ሰው፣ ነገረኝ። የግቢው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። ሃያ የተባለው ሃያ አይደለም። ወንዶቹ ሲገቡ አይነገራቸውም፤ አንድ ሰው ለውድድር ሊወጣ ሲል ግን አታ ሳንሺ ከውኃ ጋኑ ኋላ ይወስዱትና፣ «ልጄ፣ የአንተ መቶ የውጪ ሰባ አምስት ነው፤ ሰባ ብለህ አስመዝግብ» ይሉታል። ሰውየው ይናደዳል፣ ይስቃል፣ ምስጢሩን ይጠብቃል። እስካሁን የወጡት ሰባቱም ወንዶች እንዲሁ ተነግሯቸዋል።

«አንቺም የተነገረሽ መስሎን ነው» አለኝ። «እምልልሻለሁ። ባይነግሯትማ ሰማንያ አያስጽፏትም አልን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔን የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። በገበያው ሁሉ የራሷን ሚዛን ይዛ የምትዞር ሴት እኔ ነኝ። የጅምላ ሻጮቹን ሚዛን አምኜ አንድ ካርቶን ዓሣ ገዝቼ አላውቅም። ያን ሚዛን ይዤ በየማክሰኞው በዚያ ግቢ በር አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ብረቱን ላስቀምጥበት አላሰብኩም። ሰው አባቱን ይመዝናል?

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሎቹ ሳይመጡ፣ ከናርኪ ጋር ሄድን። አታ ሳንሺ ገና አልተነሱም። ናርኪ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች የዓሣ ሚዛኔ ላይ አስቀመጠች። ባለ ሃያው አስራ አምስት። ባለ አስሩ ሰባት ተኩል። ዘንጉም ሃያ የተባለው አስራ አምስት። ከእያንዳንዱ ላይ ሩቡ፣ ልክ ሩቡ፣ ጎድሏል። አታላይ ሲሆኑ እንኳ ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«እንግዲያው የእኔ አርባ ሠላሳ ነው?» አለች ናርኪ። «ኧረ ጉዴ! ለባሌ አርባ ብዬው፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም!» ሳቀች። ከዚያ እጄ የታሰረበትን ጨርቅ አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

የእኔን ዘጠና ደመርነው። ስልሳ ሰባት ተኩል።

አታ ሳንሺ በነጠላ ጫማ ወጡ። ሚዛኑን አዩ። አልካዱም። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና ስለ ቦርቴ ነገሩን። ቦርቴ የወንድማቸው ልጅ ነበር። ግቢው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ መቶ ካልገፋሁ ብሎ፣ ሰው ሳይኖር ብቻውን ጨምሮ ተጋደመ። ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ቁጥር ነው የገደለው» አሉ። «ብረቱ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ቀድሜ ሰጠኋቸው። የሚመኙትን መቶ፣ ሳይጎዳቸው እንዲያገኙት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አልተጎዳም። አንቺስ በቁጥር አይደል አስሩን ሴት ያመጣሽልኝ?»

እውነታቸውን ነው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ እጃቸውን ስሜ እወጣ ነበር።

«ለአፎቴ ነገሩት» አልኩ። «ለሰባቱም ነገሩ። ለእኔስ?»

«ስልሳ ብናደርገው ብዬሽ ነበር።»

«ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ፈሩ እንዴ ብዬ ሳቅሁ፤ እርስዎም ሳቁ። ቅጹ ላይ ፈረሙ። ስሜ ሲጠራ ደግሞ ውኃ ሊገዙ ሄዱ።»

ናርኪ በዝግታ፣ «አታ፣ ይንገሯት» አለቻቸው።

«ትገቢያለሽ ብዬ አላሰብኩም» አሉ በመጨረሻ። «በእግር ጉዞው ከሴቶቹ ጋር ትሄጃለሽ፣ ካናቴራ ትለብሻለሽ፣ ፎቶ ትነሻለሽ። ሕዝቡን ስታይ ሴት ነሽ፣ ታፍሪያለሽ፤ ተራሽ ሳይደርስ ትተሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ወንዶቹ እንደሚገቡ አውቅ ነበር። አንቺ ግን… እውነት ትጋደሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ተራሽ ሲደርስ ደግሞ፣ ተነስቼ ብጮህ ያን ሁሉ ዓመት የዋሸሁት በሕዝብ ፊት ሊወጣ ነው። እግሬ ወሰደኝ።»

ትከሻዬ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አላመመኝም፤ ይሄኛው ባሰ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ «ወረፋ ስጧት» ያሉት ሰው፣ ወረፋዬ እንደማይደርስ ያውቁ ነበር ማለት ነው። በየምድጃው እየዞሩ ውጡ፣ ተሳተፉ ያሉን ለጭብጨባ እንድንሆን ነው። ለወንዶቹ አሰልጣኝ ነበሩ። ለእኔ አጎት ነበሩ፤ ሕፃን በርቺ በርቺ እንደሚል አጎት። ይሄን አሰብኩና አለቀስኩ። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሌላ የምልሽ የለኝም።»

እንባዬን በታሰረው እጄ ጨርቅ ጠረግሁ። እስከዚያች ሰዓት ለመስማት የፈራሁት አንድ ነገር ነበረ። እሳቸው ውኃ ገዝተው ተመልሰዋል፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል። ናርኪ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ነበረች።

«ያሸነፈችው ሴት ስንት ገፋች?» አልኳቸው።

አታ ሳንሺ ነጠላ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ጠየቅሁ እኮ።»

«ተይው ኮርኮይ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ስንት?»

«ስልሳ አምስት» አሉ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ተሰማ።

ናርኪ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። እኔ ሚዛኑ ላይ የቀረውን ብረት በደህናው እጄ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩና ሚዛኔን አቀፍኩ። ከዚያች ቀን በፊት አንተ ብያቸው አላውቅም።

«እኔ ስልሳ ሰባት ተኩል ነበርኩ» አልኩት። «የምታውቀው ደግሞ አንተ ብቻ ነበርክ።»